የኒው ኦርሊየንሱ ያልተጠበቀ የምርጫ ውጤትና የአሸናፊው ዳግም የመመረጥ ዕድል

በአሜሪካ የሉዊዚያና ግዛት ሁለተኛው የምርጫ ክልል እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 6 ቀን 2008 /ኅዳር 27 ቀን 2001 ዓ.ም/ በተካሄደው የተወካዮች ምክር ቤት ምርጫ፣ ወንበሩን ለ18 ዓመታት ያህል ይዘው የቆዩት የዴሞክራቲክ ፓርቲው ሚስተር ዊሊያም ጄፈርሰን ተሸነፉ። ያሸነፏቸው ከዚያ ቀደም በምርጫ የሚገኝ የሕዝብ ሥልጣን ይዘው የማያውቁት የሪፐብሊካን ፓርቲው እጩ ሚስተር ጆሴፍ ካኦ መሆናቸው የአገሪቱን የፖለቲካ ተከታታዮች በእጅጉ ያስገረመ እንደነበር ይታወሳል። ሚስተር ካኦ 33 ሺህ 132 ድምፅ ወይም 49.5 በመቶ፣ ሚስተር ጄፈርሰን ደግሞ 31 ሺህ 318 ድምፅ ወይም 46.8 በመቶ አግኝተዋል። ቀሪው ድምፅ ለሁለት የአነስተኛ ፓርቲ እጩዎች የተሰጠ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ኖቬምበር 2 ቀን 2010 በተካሄደው ምርጫ ሚስተር ካኦ 43 ሺህ 378 ድምፅ አገኙ። ይህም ከመጀመሪያው ድላቸው ከ10 ሺህ በላይ ብልጫ ያለው ነው። ይሁንና ተፎካካሪያቸው ሚስተር ሴድሪክ ሪችመንድ 83 ሺህ 705 ድምፅ በመሰብሰባቸው፣ ወንበሩ በ64.6 ለ33.5 በመቶ ልዩነት ወደ ዴሞክራቶች ተመልሷል። አንድ ተመራጭ ድምፅ የሚሰጠው ሰው ቁጥር እየጨመረ ወንበሩን ሊያጣ የሚችለው እንዴት ነው የሚለው ጥያቄ፣ ያልተጠበቀ የምርጫ ድል ምን ያህል ዕድሜ ሊኖረው እንደሚችል ለመረዳት የሚያግዝ በመሆኑ የሁለቱን ምርጫዎች ሂደት በዝርዝር መመልከት ተገቢ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምርጫ ክልሉና የቀድሞው ተመራጭ

ሁለተኛው የምርጫ ክልል በወቅቱ የኒው ኦርሊየንስ ከተማን አብዛኛውን ክፍልና በአጎራባቹ የጄፈርሰን አስተዳደር አካባቢ የሚገኙ ሰፈሮችን ያጠቃልል ነበር። የአካባቢው ስያሜ ለሦስተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ለቶማስ ጄፈርሰን የተሰጠ በመሆኑ ከተመራጩ ስም ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። አብዛኛው ነዋሪ ጥቁር አሜሪካዊ ሲሆን፣ ክልሉ ከ1891 በኋላ ሪፐብሊካን ተወካይ ኖሮት አያውቅም። ሚስተር ካኦ ከማሸነፋቸው አንድ ወር ቀደም ብሎ በተካሄደው የፕሬዚዳንት ምርጫ ሚስተር ባራክ ኦባማ በዚሁ ክልል ከ70 በመቶ በላይ ድምፅ አግኝተዋል። በመሆኑም ሚስተር ካኦ የምክር ቤት መቀመጫቸውን በያዙ ጊዜ በሪፐብሊካን ተመራጭ ሥር ከነበሩት የምርጫ ክልሎች ሁሉ ለዴሞክራቶች በማድላት የእርሳቸው ክልል ቀዳሚውን ሥፍራ ይዞ ነበር።

ሚስተር ጄፈርሰን በሰሜን ምሥራቅ ሉዊዚያና ከድሃ ቤተሰብ ተወልደው በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርታቸውን ያጠናቀቁ፣ በግዛቲቱ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ለአሥር ዓመታት ያህል ያገለገሉ ሰው ናቸው። በ1990 ለኮንግረስ ሲመረጡ ከእርስ በርስ ጦርነቱ ማግሥት ከነበረው የመልሶ ግንባታ ዘመን ወዲህ ከሉዊዚያና ወደ ኮንግረስ የገቡ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ነበሩ። ግብርንና ንግድን በሚመለከተው ኃያል ኮሚቴ አባል የነበሩ ሲሆን፣ የአፍሪካን የንግድ ጉዳዮች በቅርብ ይከታተሉ ነበር። ለውድቀታቸው ምክንያት የሆነውም ይኸው የአፍሪካ ጉዳይ ነው።

በ2005 የፌዴራል የምርመራ ቢሮ /ኤፍ ቢ አይ/ ሚስተር ጄፈርሰን አንድ የቴሌኮሙኒኬሽን ኩባንያ በናይጄሪያና በሌሎች የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ሥራ እንዲያገኝ ለማገዝ ለራሳቸውና ለቤተሰባቸው ጥቅም ጠይቀዋል በሚል ጥርጣሬ ምርመራ ጀመረ። ከቢሮው ጋር ይተባበሩ የነበሩ አንዲት ባለሀብት 100 ሺህ ዶላር ሰጧቸው። ቁጥሩ አስቀድሞ የተመዘገበው ይህ ገንዘብ ለአንድ ከፍተኛ የናይጄሪያ ባለሥልጣን እንዲደርስ የታሰበ ነው ተብሎ ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር በዋሽንግተን የሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው ሲፈተሽ ከዚህ ገንዘብ ውስጥ 90 ሺህ ዶላሩ በፎይል ተጠቅልሎ ከታሸጉ የምግብ ዕቃዎች ጋር ፍሪዘር ውስጥ ተገኘ። ዘጠና ሺህ ዶላር በፍሪዘር ውስጥ መገኘቱ የክሱን ውስብስብ የሕግ ጭብጥ ለማያውቅ ሰው እንኳ በቀላሉ የሚታወስ በመሆኑ፣ ከዚያ በኋላ የሚስተር ጄፈርሰን ስም ከፍሪዘሩ ተለይቶ የተነሳበት ጊዜ ጥቂት ነው።

በሜይ 2006 ኤፍ ቢ አይ የምክር ቤት ቢሯቸውን የፈተሸ ሲሆን፣ የአንድ ተቀማጭ የኮንግረስ አባል ቢሮ ሲፈተሽ በአገሪቱ ታሪክ ያ የመጀመሪያው ነበር። የሁለቱም ፓርቲዎች መሪዎች ድርጊቱ የሕግ አውጪውን አካል ነፃነት ይጋፋል በማለት ተቃውመውታል፤ የይግባኝ ፍርድ ቤትም በ2007 የፍተሻው አፈጻጸም በከፊል ሕገ መንግሥቱን የተላለፈ ነው ሲል ወስኗል። የዴሞክራቲክ ፓርቲ የምክር ቤት አባላት ግን ሚስተር ጄፈርሰንን ከኮሚቴ አባልነታቸው ከማንሳት አልተመለሱም።

ያም ሆኖ መራጩ ወዲያውኑ አልካዳቸውም። በዲሴምበር 2006 በተካሄደው የመለያ ምርጫ የፓርቲያቸው አባል የሆኑትን ወይዘሮ ካረን ካርተርን በ57 ለ43 በመቶ አሸንፈዋል። በጁን 2007 በ16 ክሶች ከተከሰሱ በኋላም በፓርቲያቸው ውስጥ የተወዳደሯቸውን ሁሉ አሸንፈው የ2008 እጩ ሆነው ቀርበዋል። ከዚህ መረዳት እንደሚቻለው ክሱ ብቻውን ከወንበራቸው ሊያነሳቸው አልቻለም።

አውሎ ነፋሱ የለወጠው የምርጫ መርሐ ግብር

ለውጤቱ ወሳኝ የሆነው የምርጫው ቀን መሸጋሸግ ነው። ሉዊዚያና እስከ 2006 ድረስ የሁሉም ፓርቲ እጩዎች በአንድ ላይ የሚወዳደሩበትን ሥርዓት ስትከተል ቆይታ፣ ለ2008 የኮንግረስ ምርጫ ግን እያንዳንዱ ፓርቲ እጩውን በራሱ ቅድመ ምርጫ የሚለይበትን አሠራር ተግባራዊ አደረገች። በመርሐ ግብሩ መሠረት የመጀመሪያው ዙር የፓርቲ ቅድመ ምርጫ በሴፕቴምበር መጀመሪያ፣ ሁለተኛው ዙር በኦክቶበር፣ ዋናው ምርጫ ደግሞ ከፕሬዚዳንት ምርጫው ጋር ኖቬምበር 4 ቀን እንዲካሄድ ታስቦ ነበር። ይሁን እንጂ ጉስታቭ የተባለው አውሎ ነፋስ ሴፕቴምበር 1 ቀን ግዛቲቱን በመምታቱና የባሕር ዳርቻው ነዋሪ አካባቢውን ለቅቆ እንዲወጣ በመደረጉ መርሐ ግብሩ በሙሉ አንድ ወር ያህል ተገፋ። በውጤቱም ሁለተኛ ዙር ቅድመ ምርጫ ባስፈለጋቸው ክልሎች ይኸው ዙር ኖቬምበር 4 ቀን፣ ዋናው ምርጫ ደግሞ ዲሴምበር 6 ቀን እንዲካሄድ ተወሰነ።

ኖቬምበር 4 ቀን ሕዝቡ ሚስተር ኦባማን ለመምረጥ በብዛት በወጣበት ዕለት ሚስተር ጄፈርሰን የቀድሞ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛዋን ሄለና ሞሬኖን በፓርቲያቸው ቅድመ ምርጫ ሲያሸንፉ ከ90 ሺህ በላይ ድምፅ አግኝተው ነበር። ከ32 ቀናት በኋላ ያገኙት 31 ሺህ ገደማ ብቻ ነው። ያ ሁሉ መራጭ ወደ ሪፐብሊካኖች አልዞረም። ብዙው ከቤቱ አልወጣም። የፕሬዚዳንት ምርጫው ተጠናቅቋል፤ ብዙዎች ዋናው ውሳኔ በኖቬምበር ያለቀ መስሏቸው ነበር፤ የሚስተር ጄፈርሰን ደጋፊዎችም በዚያ ክልል ሪፐብሊካን ያሸንፋል ብለው አልሰጉም። በአንፃሩ ነጮች በሚበዙባቸው ሰፈሮች የወጣው መራጭ ድርሻ ከጥቁሮች ሰፈሮች በእጅጉ የላቀ እንደነበር የድምፅ አሰጣጡ መረጃ ያሳያል። ሚስተር ካኦም ከግማሽ በታች በሆነ ድምፅ፣ በ1 ሺህ 814 ድምፅ ብልጫ አሸነፉ። አብላጫ ድምፅ ያገኘ እጩ በሚያሸንፍበት የምርጫ ሥርዓት ይህ ሙሉ በሙሉ ሕጋዊ ውጤት ነው፤ በኢትዮጵያም ሕገ መንግሥቱ የተወካዮች ምክር ቤት አባላት የሚመረጡት በዚሁ አግባብ እንደሆነ ይደነግጋል።

እንግዲህ ድሉ በተገኘ ማግሥት ሊጤን ይገባው የነበረው ቁም ነገር አሸናፊው በቀጣዩ ምርጫ እነዚህ ሁኔታዎች በሙሉ እንደማይጠብቁት ነው። በኖቬምበር 2010 ምርጫው በመደበኛ ቀኑ ይካሄዳል፤ ተፎካካሪው ክስ የቀረበበት ሰው አይሆንም። የሪፐብሊካን ፓርቲ አመራር ግን በወቅቱ የተመለከተው ሌላ ነገር ነበር። ፓርቲው በኖቬምበር 2008 ከባድ ሽንፈት ደርሶበት ስለነበር፣ የምክር ቤቱ የሪፐብሊካኖች መሪ ሚስተር ጆን ቤይነር ለአባሎቻቸው ባሰራጩት ማስታወሻ «መጪው ጊዜ ካኦ ነው» የሚል ርዕስ ሰጥተው የኒው ኦርሊየንሱን ድል የፓርቲው ትንሣኤ ምልክት አድርገው አቀረቡት። ሽንፈት የደረሰበት ፓርቲ በእጁ የገባችውን አንዲት ድል ማጉላቱ የሚጠበቅ ቢሆንም፣ ድሉ ከምን እንደመጣ ለመመርመር ግን አላገዘም።

አዲሱ ተመራጭ

ስማቸው በጽሑፍ ካኦ ቢባልም ሲጠራ ወደ «ጋው» የሚያደላው ሚስተር አን ጆሴፍ ካኦ በ1967 በሳይጎን ተወለዱ። አባታቸው የደቡብ ቬትናም ጦር መኮንን ነበሩ። በ1975 ከተማዋ በሰሜን ቬትናም ኃይሎች እጅ ስትወድቅ የስምንት ዓመቱ ልጅ ከሁለት እህት ወንድሞቻቸው ጋር ወደ አሜሪካ የሸሹ ሲሆን፣ አባታቸው ለሰባት ዓመታት ታስረዋል። በቤይለር ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ካጠኑ በኋላ የካቶሊክ ቄስ ለመሆን ወደ ኢየሱሳውያን ማኅበር ገብተው ለዓመታት ተማሩ፤ በፎርድሃም ዩኒቨርሲቲ በፍልስፍና ሁለተኛ ዲግሪ አግኝተዋል። ማኅበሩን ለቅቀው በኒው ኦርሊየንስ ሎዮላ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርታቸውን በ2000 በማጠናቀቅ በስደተኞች ጉዳይ ጥብቅና ተሰማሩ።

በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ከኒው ኦርሊየንስ 80 በመቶ ያህሉን በውኃ ሲያጥለቀልቅ የሚስተር ካኦ ቤትም ከጥፋቱ አልዳነም። በቀጣዩ ዓመት በከተማዋ ምሥራቃዊ ክፍል በሚኖሩ ቬትናማውያን ሰፈር አቅራቢያ የአውሎ ነፋሱ ፍርስራሽ የሚጣልበት ሥፍራ በመከፈቱ ነዋሪው ያካሄደውን ተቃውሞ ከመሩት መካከል አንዱ ነበሩ። በ2007 በግል እጩነት ለግዛቲቱ ምክር ቤት ተወዳድረው ሳይሳካላቸው ቀርቷል። ጃንዋሪ 6 ቀን 2009 ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ በኮንግረስ ታሪክ የመጀመሪያው የቬትናም ተወላጅ ሆነዋል። የቬትናም ተወላጆች ከክልሉ መራጭ ውስጥ ያላቸው ድርሻ አነስተኛ በመሆኑ ግን ይህ ታሪካዊነት ለሚስተር ካኦ ክብር እንጂ አስተማማኝ የድምፅ ምንጭ ሊሆናቸው አይችልም ነበር።

በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ወንበር የያዘ ሰው ዳግም ሲወዳደር በአብዛኞቹ ምርጫዎች ከ90 በመቶ በላይ የሆኑት ያሸንፋሉ። ሥልጣን ላይ ያለው ተመራጭ ስሙ ይታወቃል፤ ገንዘብ ማሰባሰብ ይቀለዋል፤ ከሁሉም በላይ ግን ለመራጩ አቤቱታ መልስ የሚያስገኝ ቢሮ አለው። ሚስተር ካኦ የተማመኑት በዚህ በመጨረሻው ነው። የትራንስፖርትና መሠረተ ልማት እንዲሁም የአገር ውስጥ ደኅንነት ኮሚቴዎች አባል እንደመሆናቸው፣ የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ አስተዳደር ኤጀንሲ /ፌማ/ ለከተማዋ መልሶ ግንባታ የሚሰጠውን ገንዘብ በማጓተቱ በተደጋጋሚ ሞግተዋል። ከጉዳዮቹ ሁሉ ትልቁ ከካትሪና በኋላ የተዘጋው የቻሪቲ ሆስፒታል ካሣ ነበር። ፌማ 150 ሚሊዮን ዶላር ብቻ እከፍላለሁ ሲል ግዛቲቱ 492 ሚሊዮን ዶላር ትጠይቅ ነበር። በጃንዋሪ 2010 ጉዳዩን የተመለከተው የግልግል ዳኞች ጉባኤ ኤጀንሲው 475 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዲከፍል ወሰነ። የግልግል ሥርዓቱ የተዘረጋው የዴሞክራቲክ ፓርቲዋ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሜሪ ላንድሩ ባስጸደቁት ሕግ በመሆኑ፣ የውጤቱ ባለቤት ሚስተር ካኦ ብቻቸውን አልነበሩም።

የድምፅ አሰጣጣቸው ጉዳይ ከዚህ የበለጠ ፈታኝ ሆኖባቸዋል። በፌብሩዋሪ 2009 ለምክር ቤቱ የቀረበውን የፕሬዚዳንት ኦባማን 787 ቢሊዮን ዶላር የኢኮኖሚ ማነቃቂያ ሕግ አንድም ሪፐብሊካን አልደገፈውም። ሚስተር ካኦም ለመደገፍ ካሰቡ በኋላ ለክልላቸው የሚደርሰው ድርሻ አነስተኛ ነው በማለት ተቃወሙት። በዚህ የተቆጡ የአካባቢው ሰባኪያን ተመራጩን ከሥልጣን ለማንሳት ፊርማ ማሰባሰብ ቢጀምሩም፣ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የኮንግረስ አባል በመራጮች ፊርማ የሚነሳበትን ሥርዓት ስለማያውቅ ጥረቱ ከምልክትነት አላለፈም።

ኖቬምበር 7 ቀን 2009 ምክር ቤቱ የጤና አገልግሎት ማሻሻያ ረቂቅ ሕጉን በ220 ለ215 ድምፅ ሲያጸድቅ 39 ዴሞክራቶች ተቃውመውታል። ከሪፐብሊካኖች መካከል የደገፉት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ እርሳቸውም ሚስተር ካኦ ናቸው። በክልላቸው የጤና መድን የሌለው ነዋሪ ብዙ መሆኑን፣ ለጽንስ ማቋረጥ የፌዴራል ገንዘብ እንዳይውል የሚከለክለው ማሻሻያ መጽደቁም ካቶሊካዊ ሕሊናቸውን እንዳሳረፈው ገልጸው ነበር። በጠቅላላው ሁለት ዓመት ውስጥ ከፓርቲያቸው ይልቅ የክልላቸውን ጥቅም ማስቀደማቸውን በግልጽ ያሳዩበት ውሳኔ ይህ ነው ማለት ይቻላል። ሆኖም ረቂቁ በሕግ መወሰኛ ምክር ቤት በኩል ተለውጦ ማርች 21 ቀን 2010 ለመጨረሻ ውሳኔ ሲቀርብ ጽንስ ማቋረጥን የሚመለከተው አንቀጽ በቂ አይደለም በሚል ተቃወሙት። ሕጉ ያለ አንድም ሪፐብሊካን ድጋፍ በ219 ለ212 አለፈ።

በመጀመሪያው ድምፅ የፓርቲያቸው ጽኑ ደጋፊዎች፣ በሁለተኛው ደግሞ ሊያባብሏቸው የፈለጓቸው የዴሞክራት መራጮች አዘኑባቸው። ነገሩ ከሁለት ያጣ ጎመን ሆነ። በሌሎች አጀንዳዎችም ከፓርቲያቸው ተለይተው ድምፅ የሰጡበት ጊዜ ነበር፤ በምርጫ ላይ የሚወጣ ገንዘብ ምንጩ እንዲገለጽ የሚያስገድደውን ረቂቅ በጁን 2010 ከደገፉት ሁለት ሪፐብሊካኖች አንዱ እርሳቸው ናቸው። በዚያው ዓመት በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ 11 ሠራተኞች የሞቱበት የነዳጅ ቁፋሮ መድረክ ፍንዳታ ሲደርስ፣ የኩባንያውን የአሜሪካ ኃላፊ በሸንጎ ፊት ያፋጠጡበት ንግግር በመላ አገሪቱ ተሰምቷል። በጥንቱ የጃፓን ልማድ ቢሆን ኖሮ ኃላፊው ቢላዋ ተሰጥቷቸው ራሳቸውን እንዲቀጡ ይጠየቁ ነበር እስከማለት ደርሰዋል። ንግግሩ ለዜና ማሰራጫዎች የተመቸ ቢሆንም በክልሉ ያስገኘው ድምፅ አነስተኛ ነው።

የ2010 ምርጫና ተመሳሳይ አጋጣሚዎች

የዴሞክራቶች እጩ ሆነው የቀረቡት ሚስተር ሴድሪክ ሪችመንድ ከ2000 ጀምሮ በግዛቲቱ ምክር ቤት ያገለገሉ የሕግ ባለሙያ ነበሩ። ቀደም ሲል ለከተማ ምክር ቤት ሲወዳደሩ የመኖሪያ አድራሻቸውን በተመለከተ በሰጡት ቃል ምክንያት የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2008 የጥብቅና ፈቃዳቸውን ለስድስት ወራት ያገደው ሲሆን፣ ሚስተር ካኦ ይህንኑ በዘመቻቸው አንስተዋል። ከፍሪዘሩ ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር ግን ቀላል ጉዳይ ነበር። ፕሬዚዳንት ኦባማ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ቀርበው ለሚስተር ሪችመንድ ድጋፋቸውን መስጠታቸው፣ ከዋሽንግተን ጋር ተባብሬ እሠራለሁ የሚለውን የሚስተር ካኦን ዋነኛ መከራከሪያ አዳክሞታል።

የምርጫው ዕለት ውጤት ሁለት ገጽታ ነበረው። በአገር አቀፍ ደረጃ ሪፐብሊካኖች በአጠቃላይ ስሌት 63 ተጨማሪ ወንበሮችን አግኝተው ምክር ቤቱን ተቆጣጠሩ። በዚያ ሁሉ ማዕበል መካከል ወንበራቸውን ያጡ የሪፐብሊካን ተመራጮች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ሚስተር ካኦ፣ ሌላው የሃዋዩ ሚስተር ቻርልስ ጁ። ሚስተር ካኦ ቢያሸንፉ ኖሮ ለከተማቸው የመልሶ ግንባታ ገንዘብ የሚሟገቱት ከአብላጫው ፓርቲ ወንበር ሆነው ይሆን ነበር። ከ10 ሺህ በላይ አዲስ ደጋፊ ማግኘታቸው የሁለት ዓመት ሥራቸው ከንቱ እንዳልቀረ ያሳያል። ነገር ግን በ2008 ድምፅ የሰጠው ሰው 67 ሺህ ያህል ሲሆን በ2010 ወደ 130 ሺህ አሻቅቧል። በመጀመሪያው ጊዜ ከቤቱ ያልወጣው መራጭ በሁለተኛው ወጥቷል።

የሃዋዩ ሁኔታ በአሠራሩ የተለየ ቢሆንም በመሠረቱ አንድ ነው። በሜይ 2010 በተካሄደው የማሟያ ምርጫ ሁለት ዴሞክራቶች ድምፅ በመከፋፈላቸው ሚስተር ጁ በ39 በመቶ ብቻ አሸነፉ። ከስድስት ወር በኋላ አንዲት ዴሞክራት ብቻ ሲቀርቡባቸው ተሸነፉ።

ከዚህም ቀደም ቺካጎ በ1994 ተመሳሳይ ታሪክ አስተናግዳለች። ለ36 ዓመታት በኮንግረስ የቆዩት ኃያሉ ዴሞክራት ሚስተር ዳን ሮስተንኮስኪ የሙስና ክስ ተመሥርቶባቸው ሳለ፣ ብዙም በማይታወቁት ሪፐብሊካን በሚስተር ማይክል ፍላናጋን ተሸነፉ። ሚስተር ፍላናጋን በ1996 ክስ የሌለበት ዴሞክራት ሲገጥማቸው 36 በመቶ ያህል ድምፅ ብቻ አግኝተው ተሰናብተዋል። ያሸነፏቸው ሚስተር ሮድ ብላጎየቪች ኋላ የኢሊኖይ አገረ ገዥ ሆነው፣ እርሳቸውም በሙስና ወንጀል በ2011 የ14 ዓመት እስራት የተፈረደባቸው መሆኑ የነገሩ ሌላ ምፀት ነው።

ያልተጠበቀ ድል ሁሉ አጭር ዕድሜ አለው ማለት ግን አይደለም። ሚስ አሌክሳንድሪያ ኦካሲዮ ኮርቴዝ በጁን 2018 በኒው ዮርክ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ቅድመ ምርጫ ከፓርቲው ከፍተኛ የምክር ቤት አመራሮች አንዱ የነበሩትን ሚስተር ጆ ክራውሊን ሲያሸንፉ ድንጋጤው ከኒው ኦርሊየንሱ የሚያንስ አልነበረም። ሆኖም በ2020፣ በ2022 እና በ2024 በተከታታይ ተመርጠዋል። የድላቸው መሠረት ክልሉ ከሚያደላበት ፓርቲ ውስጥ በራሳቸው ቅስቀሳ ያወጡት መራጭ ስለነበር በቀጣዩ ምርጫም ሊከተላቸው ችሏል። በቨርጂኒያ በጁን 2014 የምክር ቤቱን የአብላጫ መሪ ሚስተር ኤሪክ ካንተርን በሪፐብሊካን ቅድመ ምርጫ ያሸነፉት የኢኮኖሚክስ መምህሩ ሚስተር ዴቭ ብራትም ክልሉ ለፓርቲያቸው ያደላ በነበረበት ጊዜ ወንበሩን ጠብቀው ቆይተዋል። የክልሉ ወሰን ተለውጦ፣ የሪችመንድ ከተማ ዙሪያ መራጮችም ፊታቸውን ሲያዞሩ በ2018 በወይዘሮ አቢጌል ስፓንበርገር ተሸንፈዋል።

ከምርጫው በኋላ

ሚስተር ጄፈርሰን በኦገስት 2009 ከ16ቱ ክሶች በ11ዱ ጥፋተኛ ተብለው በኖቬምበር ወር የ13 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። የሚገርመው ከፍሪዘሩ ገንዘብ ጋር በቀጥታ ከተያያዘው፣ ለውጭ አገር ባለሥልጣን ጉቦ መስጠትን ከሚመለከተው ክስ ነፃ መባላቸው ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016 በሌላ ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ አንድ ባለሥልጣን በጉቦ የሚጠየቅበትን «የሥራ ተግባር» የሚለውን ትርጉም በማጥበቡ፣ በ2017 አብዛኞቹ ክሶች ተሰርዘውላቸው ከእስር ተለቅቀዋል። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወር ዳኛው እስከዚያ የታሰሩት ጊዜ ቅጣታቸው ሆኖ እንዲያዝ ወስነዋል።

የኒው ኦርሊየንስ ነዋሪ ቁጥር በ2000 ከነበረበት 485 ሺህ ገደማ በ2010 ወደ 344 ሺህ በማሽቆልቆሉ፣ ሉዊዚያና ከነበሯት ሰባት የምክር ቤት ወንበሮች አንዱን አጣች። የሁለተኛው ክልል ወሰንም ወደ ባተን ሩዥ ከተማ እንዲዘረጋ ተደርጎ በድጋሚ ተካለለ፤ ይህም ለዴሞክራቶች ይበልጥ አስተማማኝ አድርጎታል። ሚስተር ካኦ ለዚህ ወንበር ዳግም አልተወዳደሩም። በ2016 ለሕግ መወሰኛ ምክር ቤት 24 እጩዎች በቀረቡበት ምርጫ ተሳትፈው 1 በመቶ ያህል ድምፅ አግኝተዋል። ሚስተር ሪችመንድ በ2021 መጀመሪያ የፕሬዚዳንት ጆ ባይደን አማካሪ ለመሆን ወንበሩን ሲለቁ በሚያዝያ ወር የማሟያ ምርጫ ተካሄደ። ለመለያው ዙር የደረሱት ሁለቱም ዴሞክራቶች ነበሩ፤ አንዷ በ2006 በሚስተር ጄፈርሰን የተሸነፉት ካረን ካርተር ፒተርሰን ሲሆኑ፣ በዚህም ጊዜ በሚስተር ትሮይ ካርተር ተሸንፈዋል።